ባለ አንድ ሞተር ወይስ ባለ ሁለት? ከቦሌ ለሚነሳ ትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን (ቱርቦፕሮፕ) ምክር ፈልጌ ነበር

የለገጣፎው ሒሳብ ሠራተኛ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ አብራሪም መካኒክም አይደለሁም። ሙያዬ ሒሳብ ነው። የምኖረው ለገጣፎ ነው። አውሮፕላን የማውቀው ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ተነስቶ በእኛ በኩል ሲያልፍ ነው፤ እሱንም በድምፁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ዘመዳሞችና ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ትንሽ የቻርተር ድርጅት ለማቋቋም እየተሯሯጥን ነው። ያሰብነው ሁለት ሥራ ነው። አንዱ ቱሪስት ወደ ደቡብ ኦሞ ማድረስ ነው። ሌላው ከጋምቤላ በኩል ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ነው፤ ማታም ቢሆን። ተሳፋሪው ቢበዛ 9 ሰው ነው።

እስካሁን ሁለት አውሮፕላን ቀርቦልናል። አንዱ ግራንድ ካራቫን ነው፣ ባለ አንድ ሞተር። ሌላውን ያመጣው ደላላ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ኪንግ ኤር ቢ200፣ ባለ ሁለት ሞተር። የሚገርመው ኪንግ ኤሩ ከካራቫኑ ይረክሳል። ፒሲ-12 የሚባል ባለ አንድ ሞተር የስዊዘርላንድ አውሮፕላን እንዳለም ሰምተናል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ባለፈው እኔ ቤት ተሰብስበን ወሬው ወደ ጭቅጭቅ ዞረ። ትልቁ ባለድርሻ አጎቴ ናቸው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው ዘጉት። አንድ ሞተር ላለው ነገር ሳንቲም አላወጣም አሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሁለተኛው ሞተር ገንዘብ ከመብላት በቀር ሥራ የለውም ባይ ነው። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ለአጎቴ የሚሆን መልስ ስጡኝ። እሳቸው ልክ ከሆኑም ንገሩኝና አርፌ ልቀመጥ።

ካራቫን በራሪ፦

ወንድሜ፣ ካራቫን ግዛና ተገላገል። ክንፉ ከላይ ነው፣ ጎማው አይታጠፍም፣ ጠጠር ላይ ታርፋለህ። ኦሞ በኩል ላለ ሥራ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። በሰዓት የሚጠጣው ወደ 200 ሊትር ጄት ኤ-1 ነው። ቢ200 ወደ 380 ይሄዳል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ካልክ ይኼ ይበቃሃል።

ሞተሩ ደግሞ ፒቲ6 ነው። ኪንግ ኤሩም የሚበርበት ያው የፒቲ6 ቤተሰብ ነው። አንተ የምትከራከረው አንድ ይሁን ሁለት በሚለው እንጂ በሞተሩ ዓይነት አይደለም።

አያት ኮንዶሚኒየም፦

ሁለት ሞተር ማለት ለሞተር ብልሽት ሁለት ዕጣ መቁረጥ ነው። ለአጎትህ ንገራቸው።

ጡረተኛው የሞተር ቴክኒሻን፣ ገላን፦

ልጄ፣ አጎትህን አትናቃቸው። ተረታቸው ልክ ነው። ተረቱ ያልነገረን የባላውን ውፍረት ነው። አንዱ ሲሰበር የቀረው ያን ሁሉ ክብደት ይችላል ወይ? የዚህ መልስ በባሕር ጠረፏ ሞምባሳና ቦሌ ላይ አንድ አይደለም።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። በእኛ ቋንቋ 7,600 ጫማ ገደማ። በዚህ ከፍታ የአውሮፕላን መጽሐፍ «መደበኛ» የሚለው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። በየካቲት እኩለ ቀን ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን ግን አየሩ ይሳሳል። ያኔ ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም፣ ሞተሩም ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። ገና ማኮብኮቢያው ላይ ቆመህ! ሞተሩ የሙቀት ገደቡ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ሙሉውን አትጠቀምበትም።

አሁን ከሁለቱ አንዱ ቆመ እንበል። ሰው የሚመስለው አቅሙ በግማሽ የቀነሰ ነው። ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ከፍታ የመጨመር አቅሙ ግን አብዛኛው ይሄዳል። አውሮፕላን ሳይወርድ ሳይወጣ ለመቆየት ብቻ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ከፍታ የምትጨምረው ከዚያ በተረፈው ነው። በዚያ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚጎተት በጅራቱ መሪ (ሩደር) እየተገፋ፣ ተንጋዶ ነው የሚበረው። ይኼም ራሱ ጉልበት ይበላል።

ዙሪያህን ደግሞ እይ። እንጦጦ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው። ወጨጫ ከ3,300 ያልፋል። የረርም ከ3,000 በላይ ነው። ትዊን ኦተር የሚባለውን ባለ 19 መቀመጫ ውሰድ፣ ድሮ የእኛም አየር መንገድ ያበረው ነበር። ሁለት ሞተር አለው፣ ጠንካራ ነው፣ እወደዋለሁ። የ300ው ዓይነት ሙሉ ክብደት ይዞ በአንድ ሞተር ከፍታ መጨመር የሚችለው እስከ 11,600 ጫማ ገደማ ነው፤ ያውም በመደበኛ ሙቀት። የእንጦጦ ጫፍ 10,500 ጫማ አካባቢ ነው። ሙቀቱን ጨምርበትና የሚተርፍህን አስላው። እንግዲህ ይኼኛው ባላ ቀጭን ነው።

ቢ200 ላይ ስንመጣ አጎትህ አሸነፉ። በአንድ ሞተር ከ20,000 ጫማ በላይ መቆየት ይችላል። አየር ላይ ከወጣ በኋላ አንዱ ቢቆም የኢትዮጵያ ተራራ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው፣ ጎማው መሬት ከለቀቀ በኋላ ያሉት። ቢ200 ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ 5,670 ኪሎ ነው። የተመሰከረለት በትንሽ አውሮፕላን ሕግ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኪንግ ኤር 350 ግን 6,804 ኪሎ ስለሚነሳ በሌላ ምድብ ነው የጸደቀው። በዚያ ምድብ ሲነሳ አንድ ሞተር ቢያጣ መንገዱን ጨርሶ እንደሚወጣ አስቀድሞ በስሌት መታየት አለበት። ስለዚህ «ሁለት ሞተር አለው» የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግርህም። የትኛው ሁለት ሞተር? በስንት ኪሎ? በስንት ዲግሪ?

ሌላው ሰውዬው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2015 ታይፔ ላይ የሆነውን አስታውስ። የትራንስ ኤዥያ ኤቲአር 72 ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ የቀኝ ሞተሩ ፕሮፔለር በራሱ ፌዘር ገባ፣ ማለትም መጎተት አቆመ። የግራው ደህና ነበር። ካፒቴኑ በድንጋጤ ደህናውን ዘጋው። 43 ሰው አለቀ፣ 15 ተረፈ። ያ አውሮፕላን በአንድ ሞተር መብረር ይችል ነበር። ሁለተኛ ሞተር የምትገዛ ከሆነ የሲሙሌተር ሥልጠናም አብረህ ግዛ፣ ያውም በየጊዜው የሚደገም። እኔ ስንት ድርጅት አይቻለሁ፣ ሞተሩን ገዝቶ ሥልጠናው ላይ የሚሰስት።

አሁን ወደ ነጠላው። አያት ያለው ልጅ የጻፈው ቀልድ ቢመስልም እውነትነት አለው። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን የሞተር ብልሽት የማየት ዕድሉ እጥፍ ነው። ልዩነቱ ብልሽቱ ከመጣ በኋላ ያለው ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነጠላ ተርባይን ሞተር በማታና በደመና ውስጥ መንገደኛ እንዲጭን በ2005 (እ.ኤ.አ.) በሩን ሲከፍት አንድ መለኪያ አስቀመጠ። ሞተሩ ኃይል የሚያጣበት መጠን በ100,000 የበረራ ሰዓት ከአንድ በታች መሆን አለበት አለ። አሜሪካኖቹ ቀደም ብለው ፈቅደዋል፣ አውሮፓ የፈቀደው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ነጠላ ሞተር ዕብደት አይደለም። ሆኖም ሁኔታ አለው። የሞተር ክትትል፣ ራሱን የሚያስነሳ ማቀጣጠያ፣ መጠባበቂያ ኤሌክትሪክ፣ የሠለጠነ አብራሪ ይፈልጋል።

ካራቫኑ ውስጥ ገብተህ የኃይል እጀታዎቹን እይ። አንድ ተጨማሪ እጀታ አለ፣ የአደጋ ጊዜ ኃይል ይባላል። ፒቲ6 ላይ ነዳጁን የሚመጥነው ክፍል በአየር ግፊት ነው የሚታዘዘው። ያ የአየር መስመር ቢበጠስ ሞተሩ አይጠፋም፣ ወደ አይድል፣ ማለትም ወደ ዝቅተኛው ኃይል፣ ይወርዳል። ያኔ ያቺ እጀታ በቀጥታ ነዳጅ ትሰጠዋለች። ነጠላ ሞተር ላይ የተቀመጠችው ሌላ የሚረዳ ስለሌለ ነው። አብራሪዎቻችሁ በደንብ ያውቋት፣ በዘፈቀደ ከነኳት ሞተሩን ታቃጥላለች።

ሁለት ሞተር የማያድንህ ነገርም አለ። ነዳጅ። ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ቦቴ ነው። ሩቅ ሜዳ ላይ በበርሜል የተቀመጠ ነዳጅ ውኃ ከገባበት ሁለቱም አብረው ያስላሉ። ማለዳ ማለዳ ከታንኩ ሥር ናሙና የማይቀዳ ድርጅት አራት ሞተር ቢኖረውም አልሳፈርለትም።

ካራቫን በራሪ በሰዓት 200 ሊትር ብሎሃል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ግማሽ ወሬ ነው። ካራቫን በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ቢ200 ወደ 500 ይደርሳል። በኪሎ ሜትር ሲሰላ ካራቫኑ 0.62 ሊትር፣ ኪንግ ኤሩ 0.76 ሊትር ገደማ ነው። እጥፍ የመሰለህ ልዩነት ሩብ አይሞላም። ፒሲ-12 በሰዓት 240 ሊትር ገደማ እየጠጣ እሱም ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከግማሽ ሊትር በታች ማለት ነው። ዋጋው ያስደነገጠህ አውሮፕላን ነዳጅ ላይ ሁለቱንም ያስከነዳል።

ለእኔ ግን የሁለቱ ሥራዎችህ ፍርድ የሚወጣው በካቢኑ ነው። ካራቫን ካቢኑ ግፊት አይጠበቅለትም፣ ከፍ ሲል ውስጡ ያለው አየርም እንደ ውጭው ይሳሳል። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች በላይ ለመሄድ 12,500 እና 13,500 ጫማ ላይ መውጣት አለ። ከ10,000 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አብራሪው ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ከ13,000 በላይ ደግሞ ሁሉም ሰው። ጤነኛ ቱሪስት ራስ ምታት ይዞት ፎቶውን ያነሳል። ሕመምተኛ ግን ሌላ ነው።

የመንሸራተቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሞተሩ ቢቆም ካራቫን ከአንድ ጫማ ከፍታ 12 ጫማ ያህል ወደፊት ይሄዳል። 12,500 ላይ ሆነህ ሥርህ ያለው መሬት 8,000 ጫማ ከሆነ፣ ያለህ 4,500 ነው። 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ፒሲ-12 በ30,000 ጫማ ላይ ሆኖ ከዚያው መሬት በላይ ሞተሩ ቢቆምበት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ብዙ ጊዜ አንድ ማረፊያ ይገኛል። ሁለቱም ነጠላ ሞተር ናቸው፣ ልዩነታቸውን ግን ተመልከት።

እንግዲህ ወደ ኦሞ በቀን ከሆነ፣ በስምጥ ሸለቆው በኩል፣ በመቂ በዝዋይ በአርባ ምንጭ አድርጎ መሄድ ይቻላል። መሬቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሜዳም አለው። እዚያ ካራቫን ላይ ልጄንም አሳፍራለሁ። ወደ ጋምቤላ ግን በጅማና በኢሉባቦር ደን ላይ ነው የምታልፈው፣ ያውም ሌሊት አልክ። እዚያ ላይ በካራቫን አልስማማም። ወይ ፒሲ-12፣ ወይ ጤናማ ኪንግ ኤር። ሁለቱን ሥራ በአንድ አውሮፕላን ልትሠራ ነው ጭቅጭቁ የመጣው። አንዱን ሥራ መርጠህ ጀምር።

የሰበታ ሲስተር፦

ስለ ሕመምተኛው ልጨምር። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ደረት ውስጥ ወይም አንጀት ውስጥ የታሰረ አየር ከፍታ ሲጨምር ያብጣል። ከጋምቤላ ዝቅተኛ ቦታ ተነስቶ ካቢኑ ግፊት በሌለው አውሮፕላን 12,000 ጫማ ላይ ሲወጣ አየሩ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሳንባው ለተጎዳ ሰው ይኼ ቀልድ አይደለም። ግፊት ያለው ካቢን ቢሆንም አዲስ አበባ ሲያርፍ የአዲስ አበባን አየር ማግኘቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት በደንብ መታየት አለበት።

በሩንም አትርሱ። ፒሲ-12 ከኋላ ትልቅ የጭነት በር አለው፣ 1.35 በ1.32 ሜትር ገደማ። ቃሬዛ ቀጥ ብሎ ይገባል። ካራቫንም ሰፊ በር አለው። መደበኛው ቢ200 ግን ጠባብ መሰላል በር ነው ያለው፣ ቃሬዛውን አዘንብሎ ማስገባት ሊያስፈልግ ነው። የአውስትራሊያው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ፒሲ-12ንም ኪንግ ኤርንም ይጠቀማል፤ አንዱን ብቻ ነው የሚያዋጣው ብለው አልወሰኑም።

ካራቫን በራሪ፦

ጋሼ፣ በኪሎ ሜትር ያሉትን ተቀብያለሁ። ግን ፒሲ-12 ጎማው ታጣፊ ነው፣ ጥገናው ውድ ነው። ለኦሞ ካራቫን እንደሆነ ተስማምተናል አይደል? አንድ ነገር ግን ለጠያቂው፦ ካራቫን ላይ ነዳጁን ሙሉ ሞልተህ 9 ሰው ከነሻንጣው አትጭንም። አብራሪውን ጨምሮ ለሰውና ለዕቃ የሚቀርህ 570 ኪሎ አካባቢ ነው። የቢሮ ሰዎች ይኼን ሳያዩ ትኬት ይሸጣሉ፣ ከዚያ ሻንጣ የምንቀንሰው እኛ ነን።

የለገጣፎው ሒሳብ ሠራተኛ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተርም እንዲሁ። ጽሑፍዎን አትሜ ለአጎቴ ሰጠኋቸው። «ቢ200 ላይ ስንመጣ አጎትህ አሸነፉ» የሚለውን አሥምረውበት ሌላውን አላዩትም። አሁን ደላላውን ዛሬውኑ ካልጠራኸው እያሉኝ ነው። ርካሽ ስለሆነም ደስ ብሏቸዋል። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እንዲህ ሆኖ ሳለ በዶላር ያነሰ ዋጋ ሲያዩ መቼም ማንም ልቡ ይሰረቃል። ደላላውን ምን ልጠይቀው?

ጡረተኛው የሞተር ቴክኒሻን፣ ገላን፦

አይ አጎትህ! ጤና ይስጣቸው። እንግዲያው ደላላውን እንዲህ ብለህ ጠይቀው።

መጀመሪያ የሁለቱም ሞተሮች ሎግ ቡክ፣ የሥራና የጥገና መዝገባቸው። ፒቲ6 ብዙውን ጊዜ በ3,600 ሰዓት ኦቨርሆል ይደረጋል፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይታደሳል። መሃል ላይ፣ በ1,800 አካባቢ፣ የሙቅ ክፍሉ፣ ነዳጁ የሚቃጠልበት፣ ምርመራ አለ። ሁለቱም ሞተሮች የት ላይ እንደደረሱ ይንገርህ። ሁለቱም 3,400 ላይ ከሆኑ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት አገኘኸው። አንዱ ኦቨርሆል ብቻ በመቶ ሺዎች ዶላር ነው፣ አንተ ሁለት ታደርጋለህ። ያውም ሞተሩ ውጭ አገር ተልኮ እስኪመለስ የኪራይ ሞተር ካላገኘህ አውሮፕላኑ ቆሞ የማቆሚያ (ሃንጋር) ኪራይ ይከፍላል።

ቀጥሎ የእግሮቹ ነገር። ኪንግ ኤር የማረፊያ እግሮቹ በሚያርፈው ብዛት ብቻ ሳይሆን በዓመትም ይቆጠራሉ። ፕሮፔለሮቹም እንዲሁ። «ብዙ አልበረረም» የሚለው የደላላ ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም። ለዓመታት ቆሞ የኖረ አውሮፕላን ከሚሠራው ይብሳል፣ ዝገት ሥራ ፈት አይደለም። የክንፉ ማሰሪያ ብሎኖች ምርመራ መቼ እንደተደረገም ይጻፍልህ።

ከዚያ የአውሮፕላኑን መመሪያ መጽሐፍ ጠይቀው፣ በአንድ ሞተር ከፍታ የመጨመሩን ሠንጠረዥ። በ7,600 ጫማ፣ በ25 ዲግሪ፣ በ5,670 ኪሎ ምን ይላል? ከዚያ ኪሎውን ቀንስና እንደገና አንብብ። ያንን ገጽ ነው ለአጎትህ አትመህ የምትሰጣቸው፣ የእኔን ወሬ አይደለም። ቁጥሩን ካዩ በኋላ ምናልባት 9 ሰው ሳይሆን 5 ሰው ነው የምንጭነው ይሉህ ይሆናል። ያኔ የገቢ ሒሳብህን አንተው ታስተካክላለህ።

ነጠላ ሞተሩንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ አቅርቡ። በማታ፣ በደመና፣ መንገደኛ ይዞ፣ በዚህ አውሮፕላን በዚህ መስመር ብላችሁ ዘርዝሩ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል «ችግር የለም» ኢንሹራንስ ጋ አይሠራም።

ሎግ ቡኩ ሲመጣ ስካኑን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ቡና እየጠጣሁ አየዋለሁ። አርባ ዓመት የበረረ አውሮፕላን ነው፣ ፒዲኤፉ መቶ ገጽ ካልሞላ ግን መላክም አያስፈልግህ።